ክራርና ድምፅ ቤት ውስጥ ለመቅዳት፦ በትንሽ ብር የቱን ሶፍትዌር ልያዝ?

እህተ-ክራር (አዲስ አበባ፣ ጀሞ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ሙዚቃ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ማታ ማታ ክራር እጫወታለሁ፣ እዘፍናለሁ፣ አልፎ አልፎ ኦርጋን እነካካለሁ። አሁን የራሴን ዜማዎች በደንብ መቅዳት ፈልጌያለሁ። አልበም ለማውጣት አይደለም። ለራሴና ለወዳጆቼ ነው፤ ያም ሆኖ ጥሩ ሆኖ እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

ያለኝ ይሄ ነው፦ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ላፕቶፕ፣ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም። ማይክና መሣሪያን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ባለ ሁለት መግቢያ ትንሽ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ወንድሜ ከአሜሪካ ልኮልኛል። አንድ ኮንደንሰር ማይክ አለኝ። ክራሬ ፒክአፕ (ድምፁን በኬብል የሚያወጣ መሣሪያ) ተገጥሞለታል። ኦርጋኑ ያማሃ ነው፣ ከኋላው ዩኤስቢ መሰኪያ አለው።

ሶፍትዌሩ ላይ ነው ግራ የተጋባሁት። አንዱ ኤፍኤል ይለኛል፣ አንዱ ኩቤዝ፣ አንዱ ኤብልተን። አንድ ሱቅ ገብቼ ብጠይቅ ሁሉንም ክራክ የተደረጉ (ያለ ፈቃድ እንዲሠሩ የተሰበሩ) በአንድ ፍላሽ አድርጎ ሸጠልኝ። ልጭን ስል አንቲቫይረሱ ጮኸ፤ ጭራሽ ፍላሹ ላይ የነበሩት የራሴ ፎቶዎች ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ክራክ የሚባል ነገር ላፕቶፔ ላይ እንዲገባ አልፈልግም። የቢሮ ሥራዬም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ነፃ ከሆነ ደስ ይለኛል። መክፈል ግድ ከሆነም እስከ 100 ዶላር ድረስ ወንድሜ ይከፍልልኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

———

ቢት ሠሪው (አዳማ)

እህቴ፣ ያለ ጥርጥር ኤፍኤል ስቱዲዮ። እዚህ አገር ቢት የሚሠራ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው፤ አንድ ነገር ቢጠፋሽ የሚያሳይሽ ሰው አታጪም። አንዴ ከገዛሽው ደግሞ የሚቀጥሉት እትሞች ሁሉ ዕድሜ ልክ በነፃ ናቸው። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ትልቅ ሶፍትዌር አላውቅም። ከበሮ ስትሠሪ፣ ስቴፕ ሲኩዌንሰሩ (የምት ሰንጠረዡ) ላይ ነጥብ ነጥብ እያደረግሽ ስትሄጂ፣ በደቂቃ ውስጥ ምት ይወጣልሻል።

ሳትገዢም መሞከር ትችያለሽ። ሙከራው ሁሉንም ነገር ያሠራሻል፣ ሴቭም ያደርጋል፤ ሴቭ ያደረግሽውን መልሰሽ ለመክፈት ብቻ ፈቃድ ይጠይቅሻል።

———

ድምፀ መልካም (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ቢት ሠሪው ያለው ልክ ነው፤ ኤፍኤል ለቢት ሠሪ ምርጥ ነው። እህተ-ክራር ግን ከሁሉ በፊት የምትፈልገው ክራርና ድምፅ መቅዳት ነው። ይሄ ሌላ ሥራ ነው። በኤፍኤል ማይክ በሰፊው ለመቅዳት ፕሮዲዩሰር የሚባለው እትም ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ካልሽው 100 ዶላር ያልፋል።

የእኔ ምክር ሪፐር ነው። እዚህ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን የምቀዳው በሱ ነው። ለምን እንደመረጥኩት ልንገርሽ።

አንደኛ ቀላል ነው። ለዊንዶውስ ዳውንሎድ የምታደርጊው ፋይል ከ20 ሜጋባይት በታች ነው። ሌሎቹ በጊጋባይት በሚለኩበት ዘመን ይሄ ለዳታ ከፋይ ትልቅ ነገር ነው። ያንቺ ላፕቶፕ ያለምንም ችግር ይሸከመዋል። ከሱ በጣም ያነሰ ማሽን ላይም አይቼዋለሁ።

ዋጋው ደግሞ ለግል ተጠቃሚ 60 ዶላር ነው። 60 ቀን ሙሉ ያለ ምንም ገደብ ትሞክሪዋለሽ፤ ትራክ (ለየብቻ የሚቀዳ የድምፅ መስመር) አይቆጥርብሽም፣ ሴቭ ማድረግም መልሶ መክፈትም አይከለክልሽም። ቀኑ ሲያልቅም አይዘጋብሽም፤ ስትከፍቺው ግዢ የሚል መስኮት ያሳይሻል እንጂ። ሠሪዎቹ ሰውን አምነው ነው እንዲህ የተዉት፤ ስለዚህ ከወደድሽው ክፈይ። 7ኛውን እትም ከገዛሽ እስከ እትም 8.99 ድረስ ሌላ ክፍያ የለብሽም።

የሠራው ጀስቲን ፍራንክል ነው። የኢንተርኔት ካፌ ጊዜ የምናስታውስ ሰዎች ሥራውን እናውቃለን፤ ዊናምፕን የሠራውም እሱ ነው።

ለመቅጃ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች አብረውት ይመጣሉ፦ ኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ማመጣጠኛ)፣ ኮምፕረሰር (ከፍታና ዝቅታውን ማቀራረቢያ)፣ ሪቨርብ (ማስተጋቢያ)፣ የድምፅ ማስተካከያ፣ የጫጫታ መቀነሻ። መልካቸው አያምርም፤ ቁጥርና ማንሸራተቻ ብቻ ናቸው። ሥራቸው ግን የታመነ ነው።

———

ዱባይ ያለሁት

እኔ ኮምፒውተር የለኝም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆነን ነው የምንኖረው። ባንድላብን ስልኬ ላይ ጭኜ እሠራለሁ፣ ነፃ ነው። ኢትዮጵያ ያለው ጓደኛዬ ጊታር ጨምሮ ይመልስልኛል፤ ሥራው ኢንተርኔት ላይ ስለሚቀመጥ ሁለታችንም እንከፍተዋለን። ላፕቶፕ ለሌለው ሰው ይሄ ይበቃል።

———

ቢት ሠሪው (አዳማ)

ድምፀ መልካም፣ ሪፐርን ሞክሬዋለሁ። ስትከፍተው ባዶ ነው! ከበሮ የለ፣ ፒያኖ የለ፣ ስትሪንግ የለ። ኦርጋኗን በዩኤስቢ ብትሰካ ምን ድምፅ ልታወጣበት ነው? ጀማሪ ሰው ባዶ ገጽ ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል። ይሄንን አብረህ ንገራት።

———

ድምፀ መልካም (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እውነትህን ነው ወንድሜ፣ መናገር ነበረብኝ። ሪፐር ውስጥ የሚረባ የመሣሪያ ድምፅ የለም፤ ከውጭ ማምጣት ይጠይቃል። ደግነቱ በነፃ የሚሰጡ ጥሩ ጥሩ ነገሮች አሉ። ለፒያኖና ለስትሪንግ የስፒትፋየር ላብስ፣ ለከበሮ ኤምቲ ፓወር ድራምኪት፣ ለሲንትሳይዘር ቫይታል ወይም ሰርጅ ኤክስቲ፣ ለሪቨርብ የቫልሃላ ሱፐርማሲቭ። ሁሉም ነፃ ናቸው፣ ሁሉም ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ ይወርዳሉ። ክራክ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

ደግሞ ኦርጋኗ የራሷ ድምፅ አላት። ከሄድፎን መሰኪያዋ በኬብል ወደ ኢንተርፌሱ አስገብታ እንደ ማንኛውም መሣሪያ መቅዳት ትችላለች። ሚዲውን (ድምፁን ሳይሆን የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ የሚመዘግበውን) አብራ ከቀዳችው በኋላ ድምፁን የመቀየር ነፃነት ይኖራታል።

———

ሰባራ ባቡር

ኬክዎክን ማንም አላነሳውም። ድሮ ሶናር እየተባለ በብዙ መቶ ዶላር ይሸጥ የነበረ ነው። ባለቤቱ የነበረው የጊታር ኩባንያ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራውን ሲያቆም ባንድላብ በ2018 ገዝቶ በነፃ ለቀቀው። አሁን እንደገና ሶናር በሚለው ስም ነፃ ደረጃ አለው። ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ሙሉ ስቱዲዮ ነው፤ ገጽታውም ከሪፐር በጣም ያምራል። አካውንት ግን ይፈልጋል፣ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘትም ይፈልጋል። 8 ጊጋ ራም ላይ ከሪፐር ከበድ ይላል፤ ይሠራል ግን።

ፕሮ ቱልስም ኢንትሮ የሚባል ነፃ እትም አለው፣ 8 የድምፅ ትራክ ይሰጣል። ለክራርና ለድምፅ 8 ይበቃል። ነገ ከበሮ፣ ባስ፣ ተቀባይ ድምፅ ልጨምር ስትይ ግን ትጨናነቂያለሽ።

ኦዳሲቲን የሚመክርሽ ይኖራል። ንግግር ለመቅዳት፣ ድምፅ ለመቁረጥ፣ የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ግሩም ነው፣ ነፃም ነው። ኦርጋንሽን በሚዲ እየቀዳሽ ዘፈን ልታቀናብሪበት ግን አልተሠራም።

———

ጋሽ ኦርጋን

ልጆች፣ ስምንት ትራክ ያጨናንቃል ስትሉ ሰማሁ። በካሴቱ ዘመን ባንድ ሙሉ ቆሞ፣ ዘፋኙ መሀል ሆኖ፣ አንድ ላይ ነበር የሚቀዳው። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ታስካም እ.ኤ.አ. በ1979 ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅጃ ሲያወጣ ለቤት ቀጂ ትልቅ ነገር ሆኖ ነበር። እኔ አንዱን አግኝቼ ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ። አስናቀች ወርቁ ክራሯንና ድምፅዋን ብቻ ይዛ ሰውን ታስለቅስ ነበር። እህተ-ክራር ልጄ፣ ሶፍትዌሩ የትኛውም ይሁን፣ መጀመሪያ ክራርና ድምፅሽን ብቻ አሳምረሽ ቅጂ። ሌላው ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ፈረንጅ በሠራው ሶፍትዌር የእኛን ምት ስታስገቢ የሚያደናግር ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት 4/4 ሆኖ 120 ላይ ይጠብቅሻል። ችክችካ ልትጫወቺ ከሆነ ይሄን ወደ 6/8 ቀይሪው። ከዚያ ደግሞ ፍጥነቱ አለ። አንቺ በእግርሽ የምትመቺው በአንድ ባር ሁለት ጊዜ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው። የእግርሽ ምት አንዱ፣ አንድ ሩብ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ በደቂቃ 100 ጊዜ የምትመቺ ከሆነ ሶፍትዌሩ ላይ 150 ብለሽ ጻፊ። ይሄን የማያውቅ ሰው ሜትሮኖሙ (ምት ቆጣሪው) እየጎተተኝ ነው ብሎ ይተወዋል። የሜትሮኖሙንም ምት 1ኛውና 4ኛው ላይ ጠንከር እንዲል አስተካክይው፤ ሪፐር ላይ ይቻላል።

———

እህተ-ክራር (አዲስ አበባ፣ ጀሞ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! በትክክል እሱ ነበር ያስቸገረኝ። ጓደኛዬ ቤት ስንሞክር ሜትሮኖሙ ከእጄ ጋር አልሄድ ብሎ ተውነው። ዕድሜ ይስጥዎት።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ሪፐርንና ኬክዎክን ጭኜ ልሞክር ነው። መብራት ካልጠፋ።

———

ከናታንያ

ዘግይቼ ነው የመጣሁት። እህቴ፣ አይፎን ያለው ሰው ቤትሽ አለ? ጋራዥባንድ ለአይፎንም ለማክም ነፃ ነው። እኔ እዚህ እስራኤል የልጆቻችንን የእስክስታ ቡድን ሙዚቃ የማዘጋጀው በሱ ነው። ማክ ያለው ሰው ሌላ ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት እሱን ይጨርስ። ሲጠበው ሎጂክ አለ፤ አንዴ 200 ዶላር ገደማ ነው፣ በጋራዥባንድ የሠራሽውንም እንዳለ ይከፍተዋል። ላንቺ ላፕቶፕ ግን አይሆንም። ይሄን የጻፍኩት ውይይቱን ለሚያነቡ ሌሎች ነው።

———

ሀዋሳ ሊኑክስ

ሊኑክስ ላይ ላላችሁ፦ አርዶር የሚባል መቅጃ አለ፣ ሪፐርም የሊኑክስ እትም አለው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ስላበቃ አሮጌ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ቢያስብበት ጥሩ ነው። አንዳንድ ፕለጊኖች (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመሩ መሣሪያዎች) ሊኑክስ ላይ አይሠሩም፤ ከመሸጋገራችሁ በፊት የምትጠቀሙበትን አጣሩ።

———

እህተ-ክራር (አዲስ አበባ፣ ጀሞ)

ሁለቱንም ሞከርኩ። ኬክዎክ ያምራል፤ ላፕቶፔ ግን ማራገቢያው እየጮኸ ማይኩ ውስጥ ገባብኝ። ሪፐር ሲከፈት ሦስት ሰከንድም አልፈጀ። መጀመሪያ ሲያዩት ያስፈራል፤ ትራክ ጨምሬ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ፣ ክራሬን ስቀዳ ግን ገባኝ።

ሁለት ችግር ገጠመኝ። አንዱ፣ ስዘፍን ድምፄ ወደ ጆሮዬ ዘግይቶ ይመለሳል። ክራሩን ስመታ እጄ ይቀድምና ድምፁ ቆይቶ ይመጣል፤ መጫወት አልቻልኩም። ሁለተኛው ጫጫታ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነኝ። ፍሪጁ፣ ከላይ ያሉት ልጆች፣ ውሻው፣ ሁሉም ይገባል። ማይኩ ይሄን ያህል ይሰማል ብዬ አላሰብኩም።

———

ድምፀ መልካም (ሲልቨር ስፕሪንግ)

መዘግየቱ ላይ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፦ የምታዳምጪው በብሉቱዝ ሄድፎን ነው? ከሆነ አውልቂው። ብሉቱዝ ራሱ ያዘገያል፤ ለመቅጃ ባለ ገመድ ብቻ ነው የሚሆነው። ሄድፎኑንም ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ኢንተርፌሱ ላይ ሰኪው።

ከዚያ ሪፐር ውስጥ ወደ ኦፕሽንስ፣ ፕረፈረንስስ፣ ኦዲዮ፣ ዲቫይስ ግቢ። እዚያ አሲዮ (ድምፅን ብዙ ሳያዘገይ የሚያሳልፍ መንገድ) የሚለውን ምረጪና የኢንተርፌስሽን ስም ፈልጊ። ከሌለ የኢንተርፌሱን ድራይቨር ከሠሪው ድረ ገጽ አውርጂ። ሠሪው ድራይቨር ከሌለው አሲዮ ፎር ኦል የሚባል ነፃ አለ።

ቀጥሎ በፈር (ላፕቶፑ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያሳልፍበት መጠን) የሚባለውን ታያለሽ። 48 ሺህ ኸርዝ ላይ 1024 ከሆነ ድምፁ ለመግባት ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ መውጫውም ሌላ ይጨምራል። ያስቸገረሽ ይሄ ነው። 128 አድርጊው፣ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ድምፁ የሚንጣጣ ከሆነ 256 ይሻላል። ቀድተሽ ጨርሰሽ ሚክስ ስታደርጊ (ትራኮቹን ስትቀላቅይ) መልሰሽ 1024 አድርጊው፤ ላፕቶፑ ይተነፍሳል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ኢንተርፌሱ ላይ ዳይሬክት ወይም ሞኒተር የሚል ቁልፍ ካለ እሱን መክፈት ነው። ያን ጊዜ ድምፅሽ ኮምፒውተር ውስጥ ሳያልፍ በቀጥታ ጆሮሽ ይደርሳል። ሪፐር ላይ ግን የትራኩን ማዳመጫ ዝጊው፣ አለበለዚያ እጥፍ ሆኖ ትሰሚዋለሽ።

መብራት ላልሽው፦ ፕሮጀክት የሚለው ስር ኦቶሴቭ አለ፤ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አዘዢው። አዲስ ዘፈን ስትጀምሪ መጀመሪያ ስም ሰጥተሽ ሴቭ አድርጊ፣ ከዚያ ቅጂ።

———

ማሲንቆ ዘጎንደር

የጫጫታውን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። ማሲንቆ በማይክ መቅዳት ብዙ አስተምሮኛል።

ሰው ገንዘቡን ሶፍትዌር ላይ ያፈሳል፤ ክፍሉን ግን አያየውም። ባዶ ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለል፣ ትልቅ መስኮት ያለበት ሳሎን ውስጥ የትኛውም ሶፍትዌር አያድንሽም። የቤትሽ ምርጥ ስቱዲዮ ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ያለበት መኝታ ቤት ነው። ቁም ሳጥኑን ክፈቺው። ጀርባሽን ለሱ ሰጥተሽ ቁሚ ወይም ተቀመጪ፤ ማይኩ ወዳንቺ ሲዞር ከኋላሽ የሚሰማው ልብሱን ነው። ከማይኩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀዪ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ። ፍሪጁን ለቀረጻው ጊዜ ንቀዪው፤ ስትጨርሺ መልሰሽ መሰካትሽን እንዳትረሺ የላፕቶፑን ቻርጀር ፍሪጁ ላይ አድርጊው። ላፕቶፑም በባትሪ ሲሠራ አንዳንድ ቤት ውስጥ የሚሰማው እዝዝ የሚል ድምፅ ይጠፋል።

ማይኩን ቅረቢው። ከአንድ ስንዝር እስከ ስንዝር ተኩል። በቀረብሽ ቁጥር የመቅጃውን መጠን ዝቅ ታደርጊያለሽ፤ ያኔ ውሻውም ልጆቹም አብረው ዝቅ ይላሉ። ‘ፐ’ እና ‘ጰ’ ማይኩን ሲመቱት ፊት ለፊት ከመዝፈን ትንሽ ገደድ በዪ።

መጠኑ ላይ ሰው ቀዩ ድረስ ካልገፋ የተቀዳ አይመስለውም። በ24 ቢት ስትቀጂ ከፍ ብለሽ ስትዘፍኚ -10 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ በቂ ነው። የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም።

ክራሩ ፒክአፕ ካለው ኢንተርፌሱ ላይ ኢንስት የሚለውን ተጭነሽ በቀጥታ አስገቢው። ፒክአፕ ብቻውን ግን ደረቅ ነው፤ የሣጥኑ ድምፅ ይቀራል። መግቢያሽ ሁለት ስለሆነ ሲመሽና ሰፈሩ ጸጥ ሲል ማይኩንም ክራሩ ፊት አድርጊና ሁለቱን በሁለት ትራክ አብረሽ ቅጂ። በኋላ የማይኩን ዋና አድርገሽ ከፒክአፑ ትንሽ ትቀላቅይበታለሽ። አብረው ሲሰሙ ድምፁ ከሳሳብሽ የአንዱን ፌዝ (የሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጪው፤ ሪፐር ትራክ ላይ ለዚያ የሚሆን ትንሽ ቁልፍ አለ።

ይሄም ሁሉ ሆኖ ትንሽ እሽታ ከቀረ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሰከንድ ዝም ብለሽ ቅጂ። ሪያፊር የሚባለው የሪፐር ፕለጊን ሰብትራክት ላይ ተደርጎ ያችን ዝምታ ሲሰማ እሽታውን ይለየዋል፣ ከሙሉው ቀረጻም ይቀንሰዋል። በልክ ተጠቀሚበት፤ ሲበዛ ድምፅሽ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል።

———

ቢት ሠሪው (አዳማ)

ማሲንቆ፣ ይሄን ሴቭ አድርጌዋለሁ። የምቀዳቸው ራፐሮች ሁሉ ሳሎን መሀል ቆመው ነው የሚጮኹት፤ ከዛሬ ጀምሮ ቁም ሳጥን ፊት አቆማቸዋለሁ።

———

እህተ-ክራር (አዲስ አበባ፣ ጀሞ)

ልክ ብሉቱዝ ነበር! ባለ ገመዱን ሰክቼ፣ አሲዮ መርጬ፣ 128 ሳደርገው እጄና ጆሮዬ ገጠሙ። ጋቢም ሰቅያለሁ። እናቴ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ ከሰማችው በኋላ ግን ሁለተኛውን ጋቢ ራሷ አመጣችልኝ።

አሁን ደግሞ ኦርጋን ልጨምርበት ስል አልገጥም አለኝ። ክራሩ ብቻውን ደስ ይላል፣ ኦርጋኑም ብቻውን ልክ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጥርስ ያፋጫሉ። ባቲ ነው የተቃኘው።

———

ጋሽ ኦርጋን

ልጄ፣ ክራሩን የቃኘሽው በጆሮሽ ለድምፅሽ በሚመችሽ ቦታ ነው። ኦርጋኑ ግን ላ የምትባለው ድምፅ 440 ኸርዝ ላይ ሆና የተቸነከረ ነው። ሁለቱ ሳይተያዩ ነው የተቃኙት።

ገና የምትቀጂ ከሆነ መጀመሪያ የክራሩን አንደኛ ክር ከኦርጋኑ ጋር አስማሚ፣ ከዚያ ሌላውን በጆሮሽ ባቲ አድርጊው። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። በመቃኛ ማሽን እያንዳንዱን ክር ወደ መሀል አታምጪው፤ ክራር እንደዚያ ሲቃኝ ለዛው ይጠፋል። እኔ እንደዚያ ነው የማምነው፤ የማይስማማ ካለ ይናገር።

ቀረጻው አንዴ ካለቀና ከወደድሽው ግን ክራሩን አትንኪው። ኦርጋኑን ወደ ክራሩ አምጪው። ሪፐር ላይ ሪያቲዩን የሚባለውን መቃኛ የክራሩ ትራክ ላይ አድርጊና ስንት ሴንት እንደወረደ እዪ። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ክራርሽ 30 ሴንት ዝቅ ካለ ኦርጋኑ ከ440 ወደ 432 ገደማ መውረድ አለበት። ያማሃሽ ፈንክሽን ውስጥ ቲዩኒንግ የሚል ቦታ ይኖረዋል። በሚዲ ከቀዳሽው ደግሞ የምትጠቀሚበት ፕለጊን ላይ ፋይን ቲዩን ፈልጊ።

ኦርጋኑን ስትጫወቺም ኮርድ አታብዢበት። ባቲ ውስጥ ሬ እና ላ የሉም፤ በኮርድ አሳበሽ ካስገባሻቸው ዜማው መልኩ ይቀየራል። ባስና አንድ ሁለት ድምፅ ይበቃል።

———

ድምፀ መልካም (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። የሪፐር ሚዲ ኤዲተር ውስጥ ኪ ስናፕ የሚል አለ። ቅኝት ትመርጪና ከቅኝቱ ውጭ የሆኑትን ኖታዎች ይከለክልልሻል። የእኛዎቹ ቅኝቶች በስም የሉም፤ የራስሽን ቅኝት በፋይል ጽፈሽ ማስገባት ግን ይፈቅዳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን አንዴ ካስገባሻቸው ለሁልጊዜ ይቀመጡልሻል። የእኔን ፋይል እልክልሻለሁ።

———

ሰባራ ባቡር

እንግዲህ ሪፐር አሸነፈ ማለት ነው። እኔ ከኬክዎኬ አልወጣም፤ ለእህተ-ክራር ግን ትክክለኛው እሱ ነው።

———

እህተ-ክራር (አዲስ አበባ፣ ጀሞ)

አዎ፣ በሪፐር እቀጥላለሁ። ጋሼ፣ ኦርጋኑን ዝቅ ሳደርገው ሁለቱ ተስማሙ። ኮርዱንም ትቼ ባስና አንድ ድምፅ ብቻ አስቀረሁ።

ሁለት የመጨረሻ ጥያቄ። ፈቃዱን ወንድሜ በካርዱ ሊገዛልኝ ነው፤ በሱ ስም ቢሆን ችግር አለው? ሌላው፣ ወንድሜ ባስ ጊታር ይጫወታልና በዚህ ዘፈን ላይ ከአሜሪካ ሆኖ ባስ ሊጨምርልኝ ይፈልጋል። እሱ ያለው ሎጂክ ነው። ምን ልላክለት? ኢንተርኔቴ ፈጣን አይደለም።

———

ድምፀ መልካም (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ፈቃዱ የሚሰጠው ለተጠቃሚው ነው፤ ስለዚህ ሲገዛ ያንቺን ስምና ኢሜይል ያስገባ፣ ካርዱ የሱ ቢሆን ችግር የለውም። ፈቃዱ በትንሽ ፋይል ይመጣል። ሌላ ኮምፒውተር ብትገዢም እዚያ ትጭኚዋለሽ፤ በአንድ ጊዜ አንዱ ላይ እስከሠራሽ ድረስ ይፈቀዳል።

ለወንድምሽ የሪፐር ፕሮጀክቱን አትላኪለት፣ ሎጂክ አይከፍተውም። እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ አውጪለት፤ ሬንደር ስር ስቴምስ የሚለውን ምረጪ። ሁሉም ትራክ ከዘፈኑ መጀመሪያ፣ ከዜሮ ይጀምር፤ መሀል ላይ የሚገባው ድምፅ እንኳ ከፊቱ ባዶ ዝምታ ይኑረው። ያን ጊዜ ወንድምሽ ሁሉንም ዜሮ ላይ ሲያስቀምጣቸው ይገጥማሉ። ፍጥነቱንና 6/8 መሆኑን ጻፊለት። ጋሼ እንዳሉት ሩብ ኖታ መሆኑንም ጥቀሺ፣ 100 እና 150 እንዳይምታታበት። ኦርጋኑን ስንት ሴንት እንዳወረድሽም ንገሪው፣ ባሱን በዚያ ይቃኛል።

ስለ ኢንተርኔቱ፦ 24 ቢት፣ 48 ሺህ ኸርዝ የሆነ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይሆናል። የአራት ደቂቃ ዘፈን ስድስት ትራክ ካለው ከ200 ሜጋ በላይ ነው። በፍላክ አውጪው፣ ድምፁ ምንም ሳይጎድል መጠኑ ግማሽ አካባቢ ይደርሳል። የሱ ሎጂክ ፍላክ ካስቸገረው ወደ ዌቭ ይቀይረው፣ ያው ነው።

ከዚያም በላይ ከከበደሽ ትራክ በትራክ አትላኪ። ለባስ የሚያስፈልገው አንድ የተቀላቀለ ፍላክ ብቻ ነው። ባሱን ብቻውን ከዜሮ ጀምሮ ቀድቶ ይመልስልሽ፣ ሚክሱን አንቺው ጋ ትጨርሺዋለሽ። በኤምፒ3 ልላክለት ብለሽ ግን እንዳታስቢ፤ ኤምፒ3 ሲሠራ ከፊቱ ጥቂት ዝምታ ይጨመርበታል፣ በዚያ ላይ የተቀዳው ባስ ካንቺ ትራክ ጋር ሳይገጥም ዘግይቶ ይመጣል።